1001 ምን የተለየ ነገር አለው?

«1001 አንድ ቁጥር ለ7 መካፈሉን ለማወቅ ይረዳል ይባላል። እውነት ነው? ሌላስ የተለየ ነገር አለው?» ብለው ለጠየቁት፦

አዎ፣ እውነት ነው። ተማሪ ሳስጠና እንደዚህ ቁጥር ያገለገለኝ የለም። 1001 ማለት 7 × 11 × 13 ነው፤ ሦስት ተከታታይ ፕራይም ቁጥሮች። በዚያ ላይ ከ1000 የሚበልጠው በ1 ብቻ ነው። ትልልቅ ቁጥሮችን ደግሞ ሦስት ሦስት አሃዝ እየለየን ነው የምንጽፈው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ነው ነገሩ የሚጥመው።

ከ1000 ላይ 1001 ሲቀነስ −1 ይመጣል፤ 1001 ራሱ ለ7፣ ለ11ና ለ13 ስለሚካፈል ደግሞ እሱን መቀነስ መካፈል አለመካፈሉን አይለውጥም። ስለዚህ ቁጥሩን ከቀኝ ጀምረው ሦስት ሦስት አሃዝ ይቁረጡ፤ አንዱን ይደምሩ፣ ቀጣዩን ይቀንሱ። 68,397,420ን እንይ። 420 − 397 + 68 = 91። በቃ፣ አለቀ። 91 ለ7ም ለ13ም ይካፈላል፤ ለ11 አይካፈልም። ትልቁ ቁጥርም ልክ እንደዚያው ነው። በነገራችን ላይ 91ን ፕራይም የሚያደርግ ተማሪ ሞልቷል። መልኩ ያታልላል።

እኔ ግን ይበልጥ የምጠቀምበት ብዜት ለማጣራት ነው። 2,345 × 3,128 ሠርተው 7,335,160 አገኙ እንበል። 2,345 በዚያው መንገድ 345 − 2 = 343 ይሆናል፤ 3,128 ደግሞ 125። 343 × 125 = 42,875፤ እሱም 875 − 42 = 833። አሁን መልሱን እንየው፦ 160 − 335 + 7 = −168። ነጌቲቭ ከመጣ 1001 መደመር ነው፤ 833 ሆነ። ገጠመ!

አሃዝ ደምሮ በ9 የማጣራቱን ዘዴ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ይቀላል፣ አልክድም። ግን 7,335,160ን 7,353,160 ብለው ቢጽፉት የአሃዞቹ ድምር ያው ነው፣ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። 1001 ግን 815 ብሎ ያጋልጠዋል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት የተለያዩ አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ምንጊዜም ይይዛል። የሚያመልጠውም አለ። የመጀመሪያውና ሦስተኛው የሦስት አሃዝ ቡድን ሙሉ በሙሉ ቢለዋወጡ አያውቅም፤ ሁለቱም የሚደመሩ ናቸውና።

583ን ሁለቴ ጽፈው 583,583ን ለ7፣ ከዚያ ለ11፣ ከዚያ ለ13 ቢያካፍሉ 583 ተመልሶ የሚመጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ባለሦስት አሃዝ ቁጥርን ሁለቴ መጻፍ በ1001 ማባዛት ነው። 1/7 ሲካፈል የሚደጋገመው 142857ም ከዚሁ ቤት ነው። ለሁለት ይክፈሉት፤ 142 + 857 = 999። የ1/13ም እንዲሁ፣ 076 + 923 = 999።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። እስካሁን ያወራነው አብዛኛው ነገር በአስር መሠረት፣ ማለትም ከ0 እስከ 9 ባሉት አሥር አሃዞች፣ ስለምንጽፍ የመጣ ነው። በሌላ መሠረት ብንጽፍ ሦስት ሦስቱን የመቁረጥ ዘዴው ለ1001 አይሠራም። የራሱ የቁጥሩ የሆነውን ከፈለጉ፣ ከ14 ሰው 4 ሰው የሚመረጥባቸው መንገዶች በትክክል 1001 ናቸው። ከ1 እስከ 1001 ካሉት ቁጥሮች ከ1 በቀር ከእሱ ጋር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ደግሞ 6 × 10 × 12፣ ማለትም 720 ናቸው። 720 ከ1 እስከ 6 ያሉት ቁጥሮች ብዜት መሆኑን ልብ ይበሉ። ይሄኛው ግን አጋጣሚ ይመስለኛል።