የብስክሌት ፍሬም ማስፋት እንጀራ ይሆናል ወይ?

እኅቴ፣ ሌላው አንባቢም እንዲከተለን ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። ፍኖተ ሰላም ነው የምትኖሪው፤ በብየዳ ደረጃ 2 ጨርሰሽ ምዘናውንም አልፈሻል፤ ቀጣሪ ግን አላገኘሽም። በዚህ መሃል የሰፈር ልጆች ቀጭን ጎማ ያላቸውን የብረት ብስክሌቶች እያመጡ «ለኮብልስቶኑና ለኮረኮንቹ ሰፊ ጎማ ይግባልን» ይሉሻል። «የኋላውን ማገናኛ ቆርጬ፣ ቱቦዎቹን ከፍቼ፣ በ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ መልሼ ብበይደው መተዳደሪያ ይሆነኛል?» ብለሽ ጠይቀሽኛል።

መተዳደሪያ ይሆንሻል። ግን ብቻውን አይበቃም፤ በዚያ ኤሌክትሮድም አይሠራም።

ማሠልጠኛ ውስጥ እጅሽን ያፍታታሽበት አንግልና ላሜራ ውፍረቱ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ነው። የብስክሌት ቱቦ ግድግዳ 1 ሚሊ አካባቢ ነው፤ የሻሉት ፍሬሞች ቱቦ ደግሞ መሃሉ ላይ እስከ 0.6 ሚሊ ይሳሳል። 2.5 ኤሌክትሮድ በደንብ እንዲነድ ከ60 እስከ 90 አምፔር ይፈልጋል። በዚህ ሙቀት ቱቦው ወይ ይበሳል፣ ወይም ባይበሳም ከብየዳው ጠርዝ አጠገብ ተበልቶ ቀጭን ቦይ ይቀርበታል። ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያች ቦይ ነው፤ ደንበኛው ብስክሌቱን በወሰደ ቀን አይታይም፣ ሲንገጫገጭ ከርሞ ነው የሚከፈተው። ስለዚህ እዚህ ሥራ ላይ የሚያስከብርሽ መጀመሪያ መለካት መቻልሽ ነው። ከሚመጡልሽ ብስክሌቶች አብዛኞቹ እሳት ጨርሶ አያስፈልጋቸውም።

ከጎማው ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ጀምሪ። 37-622 ቢል፣ የመጀመሪያው የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬው ዲያሜትር ነው፤ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። የድሮው ባለ 28 በ1½ ብስክሌት ቸርኬ 635 ነው፤ 700ሲ የሚባለው 622፤ የማውንቴኑ 26 ደግሞ 559። «26» ብቻ ሰምተሽ ጎማ አትግዢ፤ 26 በ1⅜ የተባለው 590 ነው፣ ማውንቴኑ ላይ አይገባም። የጎማው ስፋት ከቸርኬው የውስጥ ስፋት አንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ ይሁን። ቸርኬው ውስጡ 17 ሚሊ ከሆነ እስከ 42 የሚደርስ ጎማ ይይዛል። ከዚያ በላይ ከሰፋ ጎማው በኩርባ ላይ ወደ ጎን ይንከባለላል፤ ፍሬሙን ማስፋትሽ ምንም አይረዳውም።

ቀጥሎ ጎማውን እስከ ልኩ ነፍተሽ፣ ፍሬሙ ላይ አስረሽ ክፍተቱን ለኪ፦ ከፔዳሉ ማሰሪያ ወደ ኋላ የሚሄዱት ሁለት የታች ቱቦዎች ጋ፣ እነሱን የምታያይዘው ማገናኛ ጋ፣ ከመቀመጫው የሚወርዱት ሁለት ቱቦዎች ጋ፣ ፍሬኑ የሚታሰርበት ማገናኛ ጋ፣ በመጨረሻም የፊት ሹካው ውስጥ። ካሊፐር (ሚሊ ሜትር መለኪያው) የማይገባበት ቦታ ባለ ስድስት ጎኑ የአለን ቁልፍ ይገባል፤ ባለ 4፣ ባለ 5 እና ባለ 6 ሚሊ ቁልፎችን በጎማውና በቱቦው መሃል እያሳለፍሽ ቸርኬውን አዙሪ። ለአስፋልት በየጎኑ 4 ሚሊ ዝቅተኛው ነው፤ ጠጠር ላለበት መንገድ 6 ወይም ከዚያ በላይ። ከቢቸና ወይም ከደጀን በኩል የመጣ ደንበኛ ለክረምቱ መረሬ ብሎ ሰፊ ጎማ ቢጠይቅሽ እውነቱን ንገሪው፦ መረሬ የትኛውንም ክፍተት ሞልቶ ጎማውን ያቆማል። እዚያ የሚሻለው ቀጭን ጎማና ሰፊ ክፍተት ነው።

ክፍተቱ ቢያንስም ወዲያው ወደ ፍሬሙ አትሂጂ። ቸርኬው ወደ ግራም ወደ ቀኝም 2 ሚሊ የሚወላገድ ከሆነ ያንኑ 2 ሚሊ ከሁለቱም ጎን ይበላል፤ ራጂዎቹን (የቸርኬውን ቀጫጭን ሽቦዎች) አጥብቀሽና አላልተሽ ስታቀኚው ብቻ ብዙ ቦታ ይገኛል። ፓራፋንጎውን (ጭቃ መከላከያውን) ማንሳትም አለ። የባለ 28ቱ የኋላ ፔርኖ (የቸርኬው መሃል ዘንግ) መግቢያ ወደ ኋላ የተከፈተ ስለሆነ፣ ጎማው ከታችኛው ማገናኛ ጋር የሚነካካ ከሆነ ቸርኬውን ወደ ኋላ መሳብ ይቻላል፤ ካቴናው ላይ 1 ኢንች ስትጨምሪ ፔርኖው ወደ 12 ሚሊ ተኩል ይሸሻል። የፍሬን ጎማዎቹን ቦታ አብረሽ ማስተካከል አትርሺ።

አነስ ያለ ቸርኬ መቀየርም አንድ መንገድ ነው። የታች ቱቦዎቹ ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር ስለሚራራቁ፣ ትንሽ ቸርኬ ሰፊው ቦታ ላይ ያርፋል። ችግሩ ፍሬኑ ነው፤ ከ622 ወደ 559 ስትወርጂ የቸርኬው ጠርዝ በ31.5 ሚሊ ዝቅ ይላል፣ ቸርኬውን የሚጨብጠው ፍሬን አይደርስበትም።

ይህ ሁሉ አልበቃ ካለ ነው የታች ቱቦውን በጎማው በኩል ባለው ጎኑ ተጭኖ ማጎድጎድ የሚመጣው፤ ይህም በቀዝቃዛው የሚሠራ ነው። መጀመሪያ ማግኔት አስጠጊ። ካልያዘ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ ሥራውን አትቀበዪ፤ አሉሚኒየም ሲጫን ይሰነጠቃል። ብረት ከሆነ ቱቦውን በጣትሽ ጠርዝ መታ መታ አድርጊ፣ ዝገት እየተራገፈ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካለው ውስጡ ተበልቷልና ተዪው። አዲሱን ጎማ አየሩን ቀነስ አድርገሽ አስገቢና የጎማው ሰፊ ክፍል ቱቦው ላይ የሚያልፍበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጊ። ቸርኬውንና የፔዳሉን ክንድ አውጪ። ከዚያ ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት ለቱቦው ውጭኛ ጎን ልክ የሆነ ቦይ ያለው፣ 10 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም መደገፊያ ጥረቢ። የሚጫነው ብረት ከ6 እስከ 8 ሴንቲ የሚረዝም፣ ፊቱ ክብ፣ ጫፎቹ በሞረድ የለዘቡ ይሁን። በሞርሳ ወይም በሲ ክላምፕ ሩብ ዙር እያጠበቅሽ፣ በየዙሩ እየፈታሽ ለኪ፤ ብረቱ ትንሽ ተመልሶ ስለሚነሳ ላላ አድርገሽ ሳትለኪ አትመኚው። በየጎኑ 2 ሚሊ ይበቃል፣ 3 ሚሊ ዳሩ ነው። ሁለቱ ጎኖች እኩል ይሁኑ።

የሚያበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። መደገፊያው ቦይ ከሌለው ቱቦው ወደ ውጭ ያብጥና በቀኝ በኩል የፊት ጥርሱን ይነካል። የሚጫነው ብረት ጠርዙ ስለታም ከሆነ እጥፋት ይሠራል፣ እጥፋት ደግሞ የስንጥቅ ዘር ነው። ቱቦውን ማሞቅ ያው እጥፋት ያመጣል፤ የሞቀው ነጥብ ብቻ ለስልሶ ይሰረጉዳል። ከመገጣጠሚያ ብየዳ 2 ሴንቲ እንኳ ሳይርቁ መጫንም እንዲሁ። አንዳንዱ ሠራተኛ ቱቦውን በግራይንደር ወይም በሞረድ ያሳሳል፤ ይህን በፍጹም አታድርጊ። መጫን ብረቱን ቦታ ያስቀይረዋል፣ መሞረድ ግን ብረቱን ይወስደዋል፤ ከ1 ሚሊ ግድግዳ ላይ ግማሽ ሚሊ ስታነሺ የቀረውን አስቢው።

ስትጨርሺ ቦታውን በላምባ አርሺ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተሽ በጨርቅ አድርቂና ነጭ ጠመኔ ቀቢው። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ላምባ ጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ያወጣል። ከሌለ ፀረ ዝገት፣ ከዚያ ቀለም።

«የኋላውን ገንጥለሽ ክፈቺው» የሚልሽ ደንበኛ ይመጣል። ሒሳቡን አሳዪው፤ የፔርኖውን መግቢያ ከ126 ወደ 135 ሚሊ ብትከፍቺ በየጎኑ 4.5 ሚሊ ነው። ጎማው ቱቦውን የሚጠጋው ግን ከፔዳሉ ማሰሪያ 12 ሴንቲ አካባቢ ነው፣ የቱቦው ሙሉ ርዝመት ደግሞ 44 ሴንቲ። እዚያ የምታገኚው ከ1 ሚሊ ብዙም አይበልጥም። ይህ ሥራ ሰፊ የመሃል ሞዞ (ራጂዎቹ የሚሰኩበትን የቸርኬውን መሃል) ለማስገባት እንጂ ለሰፊ ጎማ አይደለም።

የፍሬን ማገናኛዋን ቆርጦ ከፍ ማድረግ ደግሞ በናስ የሚሠራ የጋዝ ብየዳ ይፈልጋል፤ ናሱ 900 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፣ ቱቦው ግን ሳይቀልጥ ይይዛል። ቦራክሱን (ናሱ እንዲይዝ የሚጨመረውን ዱቄት)፣ የነበልባሉን መጠንና የፔርኖውን ቦታ በብሎን ቆልፎ መሥራትን በተጣሉ ፍሬሞች ላይ ሳትለማመጂ የሰው ብስክሌት አትንኪ።

የፊት ሹካውን ግን አትጫኚው፣ አትበይጂውም፣ ልምድሽ ምንም ያህል ቢሆን። የኋላ ቱቦ ሲሰነጠቅ ብስክሌቱ ይወላገዳል፤ የፊት ሹካ ሲሰበር ሰውየው በፊቱ ነው የሚወድቀው። ሙሉ ሹካ ይቀየር፤ ግንዱ 25.4 ሚሊ ነው ወይስ 28.6፣ ርዝመቱና ጥርሱስ ይገጥማል ወይ ብለሽ አረጋግጪ።

እንግዲህ ወደ ኑሮሽ። ፍሬም ማስፋት በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ካላማዳሪያ መለጠፍ፣ ራጂ መቀየር፣ ኩሽኔታ ማጽዳትና ቅባት መቀባት ግን የዕለት ገቢ ነው። በብየዳ የተማረችና ቸርኬ የምታቀና ሴት አንድ ላይ ብትሆኚ፣ ከጎሚስታውም ከበያጁም የሌለ ነገር ይኖርሻል። ስለዚህ ለጥቂት ወራት ባሕር ዳር ከአንድ ብስክሌት ጠጋኝ ጋር ብትሠሪ እመርጣለሁ፤ ከተማው ሜዳ ስለሆነ ብስክሌት በየመንገዱ ነው፣ እጅሽ ቶሎ ይፈታል። ሩቅ ሆኖ ካስቸገረሽ እዚያው ፍኖተ ሰላም ከጎማ ጠጋኝ አጠገብ ቦታ ፈልጊ፤ ለመደራጀትና ለመሥሪያ ቦታ ጥያቄ የወረዳሽን ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት አነጋግሪ።

መሣሪያ ስትገዢ ካሊፐር፣ የአለን ቁልፎችና የራጂ ቁልፍ ይቅደሙ፤ ከዚያ ሞርሳ። የጋዙን ዕቃ መጨረሻ ላይ አድርጊው፤ እስከዚያ ከጋራዥ በሰዓት መከራየት ይሻላል። ለደረጃ 3 ስትመዘገቢ የናስ ሥራ የሚያለማምድ አሠልጣኝ መኖሩን አስቀድመሽ ጠይቂ። በቀጭን ቱቦ ላይ የተካነ እጅ ለብስክሌት ብቻ አይደለም፤ የተሽከርካሪ ወንበር፣ የሆስፒታል አልጋ፣ የተማሪ ዴስክ ሁሉ በቀጭን ቱቦ ነው የሚሠራ፣ ቀጣሪም አለው።

ለቀጣሪ የምታሳዪው ደግሞ አሁኑኑ ሥሪ። ከተጣለ ፍሬም አንድ የታች ቱቦ በልኩ ጫኚ፣ ሌላውን ሆን ብለሽ በስለታም ብረት አጥልቀሽ ጫኚ፣ ሁለቱንም በርዝመታቸው በመጋዝ ክፈቻቸውና ውስጣቸውን ጎን ለጎን አሳዪ። ከያንዳንዱ የደንበኛ ብስክሌት ላይ የለካሽውን ከሥራው በፊትና በኋላ በደብተር ጻፊ፣ ደንበኛውንም አስፈርሚ። አሁን እጅሽ ላይ ያሉትን ብስክሌቶች መለኪያ በየቦታው ጽፈሽ ላኪልኝ፤ የትኛውን መቀበል፣ የትኛውን መመለስ እንዳለብሽ ከቁጥሩ ላይ እንነጋገራለን።