የትራክተር ሞተር ስፖርት መኪና ውስጥ፦ እስቲ ጠይቁኝ

ትራክተር ሞተር ስፈታና ስገጥም ነው ያረጀሁት፤ የድሮ መኪና ታሪክ ደግሞ ሱሴ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የላምቦርጊኒ ስፖርት መኪና ሞተር ከትራክተር የመጣ ነው የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ ኧረ አይደለም። ትራክተር ሠሪው ሰውየው ነው። ፌሩቾ ላምቦርጊኒ በ1948 ሲጀምር ከጦርነቱ የተረፉ የሞሪስ ሞተሮችን እየገጠመ በቤንዚን ተነስተው በናፍጣ እንዲሠሩ ያደርግ ነበር፤ ቤንዚን ውድ ነበራ። በ1963 መኪና ፋብሪካ ሲከፍት ግን ከፌራሪ የወጣውን ጆቶ ቢዛሪኒን አዲስ 3.5 ሊትር ቪ12 (ባለ 12 ሲሊንደር) ሞተር አሠራው። ከትራክተሩ ወደ መኪናው የተሻገረው ብሩ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የምር አንድ ሞተር የተጋሩ የሉም?

መልስ፦ አሉ እንጂ! እንግሊዝ፣ ኮቨንትሪ ከተማ። ስታንዳርድ የሚባለው ኩባንያ ለቫንጋርድ የቤት መኪናው አንድ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነበረው። ያንኑ ሞተር ለሃሪ ፈርጉሰን በሚሠራለት ግራጫ ትራክተር፣ በቲኢ20 ላይም ገጠመው (አዎ፣ የማሲ ፈርጉሰኑ ፈርጉሰን ነው)። ከዚያ በ1953 ትራያምፍ ቲአር2 ስፖርት መኪና ወጣ። ኮፈኑን ስትከፍተው ያው የምታውቀው ሞተር!

ጥያቄ፦ አንድ ከሆነ ትራክተሩ ለምን አይሮጥም?

መልስ፦ ትራክተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ላይ የሚያቆመው መቆጣጠሪያ አለው፤ መጭመቂያውም (ሲሊንደሩ ውስጥ የገባው አየርና ነዳጅ የሚታመቅበት መጠን) ዝቅ ያለ ነው፣ በላምባ የሚሠራም ነበር። ቲአር2 ላይ መጭመቂያው ከፍ አለ፣ ሁለት ካርቡሬተር ገባለት፣ በ4,800 ዙር 90 የፈረስ ጉልበት ሰጠ። እኔን የሚገርመኝ ግን ላይነሩ፣ ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ ነው። ውሃ በዙሪያው የሚዞር፣ ተነቅሎ የሚወጣ ላይነር ስለሆነ ብሎኩን ሳትነካ የሲሊንደሩን ስፋት ትቀይራለህ። ቫንጋርድ 85 ሚሊሜትር፣ 2,088 ሲሲ። ቲአር2 83 ሚሊሜትር፣ 1,991 ሲሲ፣ ምክንያቱም ከ2 ሊትር በታች ባለው የውድድር ምድብ እንዲገባ ፈልገው ነው። በኋላ የመጣው ቲአር4 ደግሞ 86 ሚሊሜትር፣ 2,138 ሲሲ። የፒስተኑ ጉዞ በሦስቱም 92 ሚሊሜትር ነው፤ ረጅም ስለሆነ ከታች ጀምሮ ይጎትታል፣ ማረሻውንም መኪናውንም።

ጥያቄ፦ የትራክተሩን ሞተር አውጥቼ ቲአር2 ላይ ብገጥመውስ?

መልስ፦ ብዙ ነገር ካልቀየርክ ይሄዳል፣ አይሮጥም። ድካሙ አያዋጣህም ወንድሜ።

ጥያቄ፦ የፖርሽ ትራክተር ፎቶ አየሁ፤ ፎቶሾፕ ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ከ1956 እስከ 1963 ጀርመን ውስጥ ፍሪድሪክስሃፈን ላይ ተሠርቷል። ከአንድ እስከ አራት ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ናፍጣ ሞተር። የፖርሽ 356 ስፖርት መኪና ሞተርም በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፣ ግን ቤንዚን ነው፣ ሲሊንደሮቹም ግራና ቀኝ የተኙ ናቸው። ዘመድ በለው እንጂ አንድ አይደለም።

ጥያቄ፦ አስተን ማርቲን ላይ ያለው ዲቢ ምንድን ነው?

መልስ፦ ዴቪድ ብራውን፣ ሌላው ትራክተር ሠሪ። በ1947 አስተን ማርቲንንም፣ ላጎንዳ የሚባለውን ሌላ መኪና ሠሪም ገዛ። የአስተን ማርቲን ዲቢ2 መኪና ሞተር የመጣው ከላጎንዳ ነው፤ ከትራክተሩ አንድ ቡሎን እንኳ አልገባም።