ሁዱን ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ የጥቁር አሜሪካውያንን የሥራ ሥር ጥበብ፣ ሁዱን፣ መማር እፈልጋለሁ። ከቩዱ ጋር አንድ ነው? በምንስ ልጀምር?

መልስ፦ አንድ አይደለም። የሄይቲ ቩዱ የራሱ ካህናትና ሥርዓት ያለው ሃይማኖት ነው፤ ሁዱ ግን በአሜሪካ ደቡብ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ያዳበሩት ልማድ ነው። ልማዱን ከሚከተሉት ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ስለሆኑ ከሥሩ እኩል መዝሙረ ዳዊትን ይይዛሉ።

ክፉን በሚያርቀው የገላ መታጠቢያ ውሃ ይጀምሩ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ሂሶጵ በአንድ ሊትር የፈላ ውሃ ይዘፍዝፉ፤ ከድነው ሩብ ሰዓት ያቆዩትና ያጥሉት። ለብ ሲል መዝሙር 51ን (በግዕዙ ዳዊት 50ኛው ነው) እያነበቡ ከራስ ወደ እግር ያፍስሱ። ክፉውን ለማራቅ አቅጣጫው ሁልጊዜ ወደ ታች ነው፤ መልካሙን ለመሳብ ደግሞ ከእግር ወደ ላይ። በፎጣ አይደረቅም። በቅጠሉ ፈንታ የሂሶጵ ዘይት አይጠቀሙ፤ የሚጥል በሽታን ሊቀሰቅስ ይችላል።

ቀጥሎ ሞጆ የሚባለው፣ እንደ ክታብ የሚያዝ ከረጢት ይመጣል፦ ቀይ የፍላኔል ጨርቅ፣ በውስጡ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ነገሮች፣ ለምሳሌ ሦስት። በየጊዜው ጥቂት ጠብታ ውስኪ «ይመገባል»። ጀማሪ አብዝቶ ያርሰውና ይሻግታል። ሌላ ሰው እንዳይነካው በልብስ ውስጥ ይያዛል። ዝነኛው የሃይ ጆን ሥር ለከረጢት ብቻ ነው፤ ኃይለኛ አስቀማጭ ስለሆነ አፍልተው እንዳይጠጡት።