ዓሣው ቀነሰ ወይስ እኛ በዛን? የመንጠቆ ደብተር ጥያቄና መልስ

ከአቃቂ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከለገጣፎ የምንሰባሰብ መንጠቆ ወዳዶች የያዝነውን የምንጽፍበት ደብተር አለን። «ከዚህ ደብተር ዓሣው መብዛት መቀነሱን ማወቅ ይቻላል?» ለሚለው የአባላት ጥያቄ መዝገቡን የሚያገላብጡት ጋሼ መልሰዋል።

ከአቃቂ፦ ጋሼ፣ ዘንድሮ ቢሾፍቱ ሆራ ሐይቅ ላይ ከአምና የበለጠ ቆሮሶ ያዝን። በዝቷል ማለት ነው?

ጋሼ፦ ስንት ሰዓት ተቀመጣችሁ? በስንት ዘንግ? እሱ ካልተጻፈ የዓሣው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረኝም። ሁለት ሰው አንድ አንድ ዘንግ ይዞ ስድስት ስድስት ሰዓት ቢቀመጥ 12 የዘንግ ሰዓት ነው። ስድስት ዓሣ ከያዙ በአንድ የዘንግ ሰዓት ግማሽ ዓሣ ደረሳቸው። ከዓመት ዓመት የሚነጻጸረው እሱ ነው። ሰዓት ጻፉ!

ከሰበታ፦ ባዶ እጄን የተመለስኩ ቀንስ?

ጋሼ፦ ዜሮ ብለህ ትጽፋለህ። ሰው እዚህ ላይ ያፍራል፣ መዝገቡም የሚበላሸው እዚህ ነው። አራት ሰው አምስት አምስት ሰዓት ተቀመጠ እንበል። አንዱ አሥር ያዘ፣ ሦስቱ ምንም። ያዡ ብቻ ከጻፈ በሰዓት ሁለት ዓሣ ይላል። እውነቱ ግን አሥር ለሃያ ነው፣ ግማሽ። ሐይቁ እየተራቆተ ደብተሩ ጥጋብ ያወራል ማለት ነው።

በዚያ ላይ ግምት ተውልኝ። ሰሞኑን ያየሁት ደብተር የሦስት ወር መዝገብ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ የተጻፈ ነው። አምባዛው ሁሉ ልክ ሁለት ኪሎ፣ ልክ ሦስት ኪሎ። ውሃው ዳር ሆናችሁ ቁመቱን በሜትር ገመድ ለኩ፣ ከአፍ እስከ ጭራ ጫፍ፣ በሴንቲሜትር።

ከቡራዩ፦ ትል የት ይገኛል?

ጋሼ፦ መሬት ውስጥ። ቀጥሉ።

ከለገጣፎ፦ በሰዓት የምንይዘው ካልቀነሰ ሐይቁ ደህና ነው አይደል?

ጋሼ፦ ይሄ ነው ጥያቄ! አይደለም። ዓሣ ሲያንስ የቀረው አንድ ቦታ ሊሰበሰብ ይችላል። እናንተም ቦታውን ታውቁታላችሁ፣ ቀጥታ እዚያ ትሄዳላችሁ። ካናዳ ኒውፋውንድላንድ እንዲህ ሆኗል። የትልልቅ መርከቦቹ መዝገብ ጥሩ ሲያሳይ ቆይቶ ኮድ የሚባለው ዓሣ ተመናመነና እ.ኤ.አ. በ1992 ማጥመድ ታገደ።

ስለዚህ የዓሣውን ቁመትም እዩ፣ ትልልቁ እያለቀ ከሆነ ያስታውቃል። አሜሪካ ኪዌስት ውስጥ ቱሪስቶች ከያዙት ዓሣ ጋር የተነሷቸውን ፎቶዎች አንዲት ተመራማሪ ሰብስባ አጥንታለች። እ.ኤ.አ. በ1956 አካባቢ አማካዩ ዓሣ ወደ 20 ኪሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ 2.3 ኪሎ ወርዷል። ፎቶው ላይ ፈገግታው ያው ነው!

ከአቃቂ፦ በጾም ግን ደብተሩ ይሞላል። ዓሣው ያኔ ይበዛል ማለት ነው?

ከሰበታ፦ ዓሣ ጾም ነው እንዴ? እኛ ቤት አይበላም።

ከለገጣፎ፦ እኛ ቤት ይበላል። አባቶችም አልከለከሉንም።

ከሰበታ፦ የትኞቹ አባቶች?

ጋሼ፦ እሱን ለንስሐ አባቶቻችሁ። በጾም ገበያው ስለሚደራ ሐይቁ ዳር የሚቀመጠው ሰው ይበዛል፣ የተያዘውም በዚያው ልክ። ለዘንግና ለሰዓት አካፍሉት ብያለሁ። ስንቴ ልበል?

ከቡራዩ፦ ይዤ የለቀቅኩት ይቆጠራል?

ጋሼ፦ ይቆጠራል። «ተለቀቀ» ብለህ ጻፍ። ያው ዓሣ ነገ ተመልሶ ሊያዝ ይችላል።

ከአቃቂ፦ ዘንድሮ ዓሣ እንዴት ነው?

ጋሼ፦ የትኛው ዓሣ? የት? መቼ? እንዲህ ለተጠየቀ መልስ የለኝም።

ከሰበታ፦ የአባ ሳሙኤልን ከቢሾፍቱው ጋር ልደምረው?

ጋሼ፦ በፍጹም! አባ ሳሙኤል የከተማው ፍሳሽ በአቃቂ ወንዝ የሚገባበት ግድብ ነው። እንቦጩም አለ። እዚያ ዓሣው ቢቀንስ ምክንያቱ መንጠቆ ላይሆን ይችላል። ለየብቻ፣ እያንዳንዱ ውሃ በራሱ ገጽ። የዚያን ዓሣ ደግሞ ባትበሉት እመርጣለሁ።

ከለገጣፎ፦ ደብተሩን ለማን እንስጥ?

ጋሼ፦ ሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፣ ወስደን እናሳያቸዋለን። መጀመሪያ ግን የሰዓቱን ዓምድ ሙሉልኝ።