«ዳይሬክተር ብቻ ነው የምሆነው» እና ሌሎች የፊልም ማስተርስ ጥያቄዎቻችሁ

የውጭ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚቀበሉበት ጊዜ ሲቃረብ ጥያቄው ይበዛል። ደብዳቤዎቻችሁን አሳጥሬ፣ ስም ሳልጠቅስ አቅርቤያቸዋለሁ።

ከአዲስ አበባ። በአካውንቲንግ ተመርቆ ባንክ ይሠራል። የመጀመሪያ ዲግሪው በፊልም ስላልሆነ ማስተርስ አይቀበሉኝም ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ ነው።

ይቀበሉሃል። አብዛኞቹ የውጭ ፊልም ትምህርት ቤቶች ዲግሪ እንዲኖርህ ይፈልጋሉ እንጂ የዲግሪህ ዓይነት አያስጨንቃቸውም፤ የሚመዝኑህ በላክኸው ሥራ ነው። አገር ውስጥ ለመማር ካሰብህ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በእስክንድር ቦጎሲያን ኮሌጅ ሥር የፊልም ማስተርስ አለ፤ ለዚያ ግን አስቀድመህ የትምህርት ሚኒስቴርን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና መውሰድ ይኖርብሃል። አካውንታንትነትህንም አትደብቀው። ለፕሮዲዩሲንግ፣ ማለትም የፊልሙን ገንዘብና ሥራ ለማስተዳደር፣ ብታመለክት፣ የአሥር ደቂቃ ፊልም በጀትና የአራት ቀን የቀረጻ ፕሮግራም ሠርተህ አያይዝ፤ በቀን ከሦስት ገጽ ስክሪፕት በላይ አታስገባ፣ ከጠቅላላው 10 በመቶ ደግሞ ለመጠባበቂያ ያዝ። እንዲህ ያለ ነገር ከባንክ ቤት ሰው ሲመጣ ዋጋ አለው።

ከአዳማ። ለማመልከቻ የሚሆን ፊልም ለመሥራት የትኛውን ካሜራ ልግዛ?

ምንም አትግዛ። ያለህ ስልክ ይበቃል፤ ገንዘብ ካለህ ለሁለት ቀን ደህና ማይክራፎን ተከራይ።

ከባሕር ዳር። ሦስት አጫጭር ፊልሞች ሠርቷል። ጓደኞቹ በድምፅ ወይም በኤዲቲንግ እንዲያመለክት ቢመክሩትም «እኔ ዳይሬክተር ብቻ ነው የምሆነው፤ ሌላው ጊዜ ማባከን ነው» ይላል። ልክ ነኝ ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ልክ አይመስለኝም። ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

ትምህርት ቤቶቹ እንዴት ተማሪ እንደሚመርጡ እወቅ። ሎስ አንጀለስ ያለው የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት ኮንሰርቫቶሪ በስድስት ሙያ ለይቶ ይቀበላል፦ ዳይሬክቲንግ፣ ሲኒማቶግራፊ፣ ኤዲቲንግ፣ ፕሮዲዩሲንግ፣ ፕሮዳክሽን ዲዛይንና ስክሪፕት ጽሕፈት። ከለንደን ወጣ ብሎ ቢከንስፊልድ የሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ የፊልምና ቴሌቪዥን ትምህርት ቤትም እንደዚሁ ነው፤ እዚያ የድምፅ ንድፍ ራሱን የቻለ ማስተርስ ነው። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሦስት ዓመት ፕሮግራም ደግሞ ተማሪው የራሱን ፊልም ዳይሬክት ሲያደርግ ቆይቶ በማግስቱ ለጓደኛው ካሜራ ይይዛል፣ ቡም (በረጅም ዘንግ ጫፍ የታሰረ ማይክራፎን) ይሸከማል። የትም ብትሄድ ሰልፉ የሚረዝመው በዳይሬክቲንጉ በር ላይ ነው።

ገብተህስ ምን ትሠራለህ? የዳይሬክቲንግ ተማሪ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚቆጥረው ጥቂት የራሱን ፊልሞች ነው። የድምፅ ወይም የኤዲቲንግ ተማሪ ግን የክፍል ጓደኞቹን ፊልም እየዞረ ሲሠራ ይከርማል። ስሕተት የሚያየው ከብዙ ዳይሬክተሮች ነው፤ ተዋናይ ለምን እንደከበደው፣ ትዕይንቱ ለምን እንደረዘመ፣ የትኛው ሾት ሳይቀረጽ እንደቀረ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ይማራል። ሲመረቅም ስልኩን የሚያውቁ ብዙ ሰዎች አሉት። አንተ የምትፈልገው ዳይሬክተርነት በዚህ በኩልም ይደረስበታል።

አገር ቤት ያለውን ችግር ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ። የአማርኛ ፊልም ተመልካች ሲኒማ ቤት ገብቶ ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት የሚያማርረው ድምፁን ነው። ቤት ውስጥ የተቀረጸ ትዕይንት ላይ ፍሪጁ ያጉረመርማል፤ ኤዲተሩ ከሾት ወደ ሾት ሲቆርጥ ጉርምርምታው አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል፣ ተመልካቹም ምክንያቱን ሳያውቀው ከታሪኩ ይወጣል። ሙያውን የሚያውቅ ሳውንድ ማን ሎኬሽን ሲገባ መጀመሪያ ፍሪጁን ከሶኬት ይነቅልና የመኪናውን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ያስቀምጣል። ማታ ቁልፉን ሳይወስድ ወደ ቤት መሄድ ስለማይችል ፍሪጁን መልሶ መሰካቱን አይረሳም፤ የባለቤቲቱም ሥጋ አይበላሽም። ቡሙን ከፍሬም ውጭ አድርጎ በተቻለ መጠን ወደ ተናጋሪው አፍ ያስጠጋል፣ ግማሽ ሜትር ገደማ። የሚቀዳው በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ነው፤ ንግግሩ ከፍ ሲል የድምፅ መለኪያው መርፌ ከማይነስ 12 ዴሲቤል ብዙ እንዳያልፍ ይጠብቃል፣ ምክንያቱም ድንገት ጩኸት ሲመጣ ከልክ አልፎ የተበላሸ ድምፅ በምንም አይጠገንም። ትዕይንቱ ሲያልቅ ሁሉንም ሰው ዝም አሰኝቶ የባዶ ክፍሉን ድምፅ ሠላሳ ሰከንድ ይቀዳል፤ ኤዲተሩ በንግግሮቹ መካከል የሚፈጠረውን ክፍተት የሚሞላው በዚያ ነው። ክረምት ላይ የቆርቆሮ ጣራ ያለው ቤት አይመርጥም። የአዛኑንና የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ ሰዓት ቀድሞ ጠይቆ ፕሮግራሙ ላይ ያስይዛል። ይህን ሁሉ አሟልቶ የሚሠራ ሰው በአገራችን ጥቂት ነው፤ ያለውም ከማስታወቂያው፣ ከዶክመንተሪውና ከድርጅቶች ቪዲዮ ሥራ ፋታ አያገኝም።

ለድምፅ ብታመለክት የምትልከው ከባድ አይደለም። ከሦስቱ ፊልሞችህ የሦስት ደቂቃ ትዕይንት ምረጥ፣ ድምፁን ሙሉ በሙሉ አውጣው፣ ከዚያ ንግግሩን፣ የእግር ኮቴውን፣ የበሩን፣ የመንገዱን ድምፅ አንድ በአንድ መልሰህ ገንባው። ለምን እንዲህ እንዳደረግህ በአንድ ገጽ ጻፍ። ለኤዲቲንግ ከሆነ ያንኑ ቀረጻ በሁለት ዓይነት ቆርጠህ ላክ፤ በአንዱ ታሪኩ የእናትየው፣ በሌላው የልጅየው ይሁን።

ይህን ሁሉ አንብበህ «አይ፣ ዳይሬክቲንግ ነው» ካልህ መብትህ ነው። እንደዚያ ከሆነ ሦስቱንም ፊልም አትላክ፤ የሚሻለውን አንዱን፣ ከአሥር ደቂቃ ያልበለጠውን ላክ። በዓላማ መግለጫህም «ከልጅነቴ ጀምሮ ፊልም እወዳለሁ» ብለህ አትጀምር። ሁሉም የሚጀምረው እንደዚያ ነው። ልትሠራው ስላሰብኸው ፊልምና እሱን ለመሥራት ምን እንደጎደለህ ጻፍ።

ከሐዋሳ። ማታ ሱቅ ውስጥ የቀረጸችው ትዕይንት ላይ ጥቁር መስመር እየተንከባለለ ይወርዳል። ካሜራው ተበላሽቶ ይሆን?

ካሜራሽ ደህና ነው። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የሸምበቆ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ካሜራሽ በአሜሪካ አሠራር በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) ላይ፣ ሻተሩ 1/60 ሰከንድ ላይ ሆኖ ከቀረጸ ሁለቱ አይገጥሙም። 25 ፍሬምና 1/50 አድርጊው። 24 ፍሬም የግድ ካስፈለገሽ ሻተሩን በዲግሪ የሚያስተካክል ካሜራ ላይ 172.8 አድርጊ፤ ያም ያው 1/50 ነው። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ግን በዚህም ላይስተካከል ስለሚችል ከቀረጻው በፊት አሥር ሰከንድ ቀርጸሽ በትልቅ ስክሪን እዪው። የተቀረጸውን ለማዳን ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የኤዲቲንግ ሶፍትዌር የሚከፈልበት ስሪቱ ላይ ማስተካከያ አለው፤ ቢሆንም ሱቁ ካለ እንደገና መቅረጹ ይሻላል።

ከመቀሌ። በቼቭኒንግ (በእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ) ቢከንስፊልድ ሄጄ ሲኒማቶግራፊ መማር እችላለሁ?

አይገጥምም። ቼቭኒንግ የሚሸፍነው የአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፣ የዚያ ትምህርት ቤት ሲኒማቶግራፊ ደግሞ ሁለት ዓመት ነው። በሌሎች የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የአንድ ዓመት የፊልም ማስተርስ ሞልቷል። 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ እንደሚጠየቅና ስትጨርስ ለሁለት ዓመት ወደ አገርህ መመለስ እንዳለብህ አትርሳ።

ከሜሪላንድ፣ አንዲት እናት። ልጃቸው በፊልም ኤምኤፍኤ (ሥራው ላይ ያተኮረ የኪነ ጥበብ ማስተርስ) ልማር ብሏል፤ አባትየው «ፊልም ሥራ አይደለም» ብለው ተቆጥተዋል። ትምህርት ቤቱ ሦስት ዓመት ነው፣ ክፍያውን በብድር ለመሸፈን አስበዋል። እርስዎስ ምን ይላሉ ብለዋል።

እናቴ፣ ፊልም ሥራ ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ብድሩ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ሙሉውን ወጪ የሚያበድርበት ግራድ ፕላስ የሚባል ብድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ቀርቷል። የሚቀረው የፌዴራል ብድር በዓመት እስከ 20,500 ዶላር፣ በጠቅላላው እስከ 100,000 ዶላር ነው። የግል ፊልም ትምህርት ቤት ክፍያ ከዚህ በብዙ ይበልጣል፤ ልዩነቱን የግል ባንክ ሲሞላው ወላጅ ፈራሚ ይጠይቃል፣ ልጁ መክፈል ሲያቅተው ዕዳው ወደ እርስዎ ይመጣል። ቤታችሁን ለዚህ አታስይዙ።

ከመፈረማችሁ በፊት ከልጅዎ ጋር ሆናችሁ የትምህርት ቤቱን የፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮ የግድ አነጋግሩ። በስልክ የተነገራችሁን አትመኑ፣ በጽሑፍ ይስጧችሁ። የሦስቱም ዓመት ድምር ስንት ነው? የመመረቂያ ፊልሙን ወጪ ማን ይሸፍናል? በብዙ ትምህርት ቤት ተማሪው ራሱ ነው። እያስተማረ ወይም እየረዳ ክፍያው የሚቀነስበት መንገድ ከስንተኛው ዓመት ይጀምራል? የፊልሙ ባለመብት ተማሪው ነው ወይስ ትምህርት ቤቱ? ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነው፤ ፊልሙን የመሸጥ መብት የሌለው ተማሪ አለ።

ደግሞም ልጅዎ ሎስ አንጀለስን ብቻ አይመልከት። ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ ከሎስ አንጀለሱ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ለአሥርት ዓመታት ያስተማረበት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከቤታችሁ ብዙም አይርቅም፤ የፊልም ኤምኤፍኤም ይሰጣል። ቤት እያደረ መማር ብቻውን ትልቅ ወጪ ያስቀራል።

ከዱባይ። ሰው ቤት ትሠራለች። በዕረፍት ቀኗ አብረዋት የሚኖሩትን እህቶች በስልኳ እየቀረጸች ነው፤ አሠሪዎቿ ቤትም የቀረጸችው አለ። ዲግሪ አላት። በዚህ ሥራ ለዶክመንተሪ ማስተርስ ማመልከት ትፈልጋለች።

እህቴ፣ ሥራሽ እንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት የሚፈልገው ነው። ዶክኖማድስ የሚባለው የኢራስመስ ሙንዱስ (የአውሮፓ ኅብረት የጋራ ማስተርስ) ፕሮግራም ሁለት ዓመት ሙሉ ዶክመንተሪ ብቻ ያስተምራል፤ ሊዝበን፣ ቡዳፔስትና ብራስልስ እየተዘዋወሩ ነው የሚማሩት፣ ስኮላርሺፕም አለው።

አሁን ግን ከማመልከቻው የሚቀድም ነገር አለ። በኤምሬትስ የሳይበር ወንጀል ሕግ ሰውን በግል ቦታው ያለ ፈቃዱ መቅረጽም ሆነ ምስሉን ለሌላ ማሳየት በእስርና በከባድ የገንዘብ መቀጮ ያስቀጣል። የአሠሪዎችሽ ቤት፣ በተለይ ልጆቻቸው ያሉበትን ቀረጻ ለማንም አትላኪ፣ የትም አትጫኚ፤ ለትምህርት ቤቱም ቢሆን። ከዚህ በኋላም እዚያ ቤት ካሜራ አትክፈቺ። ስለ እህቶቹ ቀረጻም ቢሆን ከአገሩ ጠበቃ ጋር ሳትነጋገሪ ምንም እንዳታወጪ አደራ እልሻለሁ፤ ነገሩ የመኖሪያ ፈቃድሽንም የእነሱንም ይነካል። ከእያንዳንዳቸው የት እንደሚታይ የሚገልጽ የአማርኛ የስምምነት ወረቀት አስፈርሚ፣ ሐሳቧን የቀየረች ካለች አውጫት። ፊት ሳይታይም ፊልም ይሠራል፦ ወደ አገር ቤት የሚላከውን ሻንጣ የሚጠቀልል እጅ፣ ከእናት ጋር በስልክ የሚወራው ድምፅ። እንዲያውም ይህኛው የበለጠ ሊጠነክር ይችላል።

ከጎንደር። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማስላክ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ሦስት ወር ቀድመህ ጀምር። ኮስት ሸሪንግ ካልጨረስህ መጀመሪያ እሱን ጨርስ። ዝርዝሩን ሬጅስትራር ይነግርሃል።

ከሐረር፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር። ለማስተማር ኤምኤፍኤ ይሻለኛል ወይስ ኤምኤ?

አሜሪካ ውስጥ ፊልም ሥራን ለማስተማር ኤምኤፍኤ የመጨረሻው ዲግሪ ሆኖ ይቆጠራል፤ ኤምኤ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ጥናትና ወደ ፒኤችዲ ያደላል። ሲመለሱ የአቻ ግምቱን የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ከመሄድዎ በፊት የትምህርት ቤቱን ስም ይዘው ቢጠይቁ ጥሩ ነው።

ከጅማ። ፊልሜ በአማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ልቅዳበት?

በፍጹም። ተዋናዮችሽ በአፋቸው ይናገሩ፤ አንቺ ሰብታይትል ጻፊ። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር፣ በመስመር ከ42 ፊደል አይብለጥ። ምስሉ ላይ አትመሽ አስገቢው፣ ለብቻው የተላከ ፋይል አንዳንዴ ሳይከፈት ይቀራል። ፊልሙን በይለፍ ቃል በተቆለፈ ሊንክ ላኪ፣ ቃሉን ማመልከቻው ላይ ጻፊው፤ ውጤቱ እስኪወጣ ድረስም ፋይሉን አትቀይሪ፣ አታጥፊ።