ሶላር ወይስ ኤሌክትሪክ? ማድረቂያ ከመግዛታችሁ በፊት

ጥያቄ፦ ከአዳማ ወደ ወንጂ መውጫ ቲማቲምና ሽንኩርት የምናመርት፣ በማኅበር የተደራጀን ወጣቶች ነን። ዋጋ ሲወድቅ ቲማቲሙ ማሳ ላይ ይቀራል። በቅርቡ የማድረቂያ ስልጠና ወስደን በሶላርም በኤሌክትሪክም ሲደርቅ አይተናል። ራሳችን ስንሞክረው ግን ላዩ ደርቆ ቆይቶ ይሻግታል። የትኛውን ብንገዛ ይሻላል?

መልስ፦ ከሻጋታው ልጀምር። እሱ ካልተፈታ የትኛውንም ብትገዙ ያው ነው።

ሙቀት የበዛበት ይመስለኛል። ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ ሙቀቱን ከፍ የሚያደርግ ብዙ ነው። ያኔ ላዩ ቅርፊት ይሠራና የውስጡን ውሃ አላስወጣ ይላል። በእጅ ሲነካ የደረቀ ይመስላል። ከታሸገ በኋላ ግን የቀረው እርጥበት ወደ ውጪ ይወጣና ይሻግታል። ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃል። ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ፣ እኩል እኩል ቁረጡ። ትሪው ላይ አትደራርቡት፤ እርጥበቱን ይዞ የሚወጣው አየር ነውና መተላለፊያ ይፈልጋል። ትሪው ወንፊት ይሁን፣ ግን ዚንክ የተቀባ ሽቦ አይሁን። የቲማቲም አሲድ ይበላዋል።

መድረቁን ለማወቅ ደግሞ ሚዛን ተጠቀሙ። ቲማቲም ከመቶ 94 ወይም 95 እጁ ውሃ ነው። 10 ኪሎ የተቆረጠ ቲማቲም በደንብ ሲደርቅ ከ550 እስከ 670 ግራም ገደማ ይመዝናል። 1 ኪሎ ከሆነ ገና ነው፣ መልሱት። ሲበርድ፣ ውስጡን በሚያሳይ ዕቃ ሳታጭቁ ክደኑትና ሳምንት ያህል አቆዩት፤ በየቀኑ ነቅነቅ አድርጉት። ዕቃው በውስጥ በኩል ጤዛ ከያዘ ወደ ማድረቂያው ይመለስ።

አሁን ወደ ማሽኑ። እኔ ብሆን ሶላሩን አስቀድማለሁ። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን ብቻ ከ0.6 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኃይል ያስፈልጋል። ከ100 ኪሎ ቲማቲም የሚወጣው ውሃ ወደ 94 ኪሎ ነው፣ የሚተርፋችሁ 6 ኪሎ ገደማ። ስለዚህ አንድ ኪሎ የደረቀ ቲማቲም ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ከማሽኑ የሚባክነው ሙቀት ሲጨመር ደግሞ ይበልጣል። ይሄ ሁሉ ከቆጣሪ ከመጣ ምን ሊተርፋችሁ ነው? የአዳማ የበጋ ፀሐይ ግን በነፃ ነው።

ኤሌክትሪኩ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ደመና ሶላር ብቻውን ያሳፍራችኋል። ትንሽ የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ለማታና ለክረምት ብትጨምሩ ጥሩ ነው። ጠዋት ቆርጣችሁ ሶላር ውስጥ አስገቡ፣ ሲመሽ ያልደረቀውን ኤሌክትሪኩ ይጨርሰው። መብራት ከጠፋ በሩን ዘግታችሁ አትሂዱ፣ ክፈቱት። ለብ ያለ እርጥብ ነገር ለሻጋታ ሠርጉ ነው።

ስልጠና ላይ ማሽኑ ብዙ ይወራለታል፣ ገዢው ግን ይረሳል። የደረቀ ቲማቲም በየቤቱ ገና አልተለመደም። ስለዚህ በሽንኩርት ጀምሩ እላለሁ። የባልትና ቤቶች ለሽሮና ለበርበሬ ደረቅ ነገር ይፈልጋሉ። ግማሽ ኪሎ ናሙና ይዛችሁ አዳማ ያሉትን ዙሩ፤ ዋጋም ብዛትም ከእነሱ አፍ ስሙ፣ ከዚያ የማሽኑን መጠን ወስኑ። 100 ኪሎ የተላጠ ሽንኩርት ሲደርቅ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ይሆናል። ከቲማቲሙ እጥፍ ማለት ነው። ግን እርጥበት ቶሎ ስለሚስብ እንደበረደ አሽጉት።

ለቲማቲሙ እንደ ሮማ ያለ ሥጋው የበዛ ዓይነት ምረጡ። ስለ ዝርያው መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ቅርባችሁ ነው፣ ሄዳችሁ ጠይቁ። የበሰበሰውን ግን አታድርቁ፣ ማድረቂያ የተበላሸ አያድንም። ደግሞ ቲማቲምና ሽንኩርት በአንድ ጊዜ አንድ ማድረቂያ ውስጥ አታስገቡ። ሽታው ቲማቲሙ ላይ ይቀራል፣ የሚገዛችሁም አታገኙም።