«ንጹህ ነሽ» ሲሉኝ ለምን ይብስብኛል?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ሳቢያን የምኖር የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። እጄን ደጋግሜ ካልታጠብኩ እናቴን በሽታ የማስይዛት ይመስለኛል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካኑ ለእኔ እጅ ያልቃል። ታናሽ እህቴ «ንጹህ ነሽ» ስትለኝ ትንሽ ይቀለኝና ተመልሶ ይብሳል። እያበድኩ ይሆን? እንደኔ የሚታመም ሰው ባገኝስ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እያበድሽ አይደለም። ሐኪም ማረጋገጥ አለበት እንጂ የጻፍሽው ኦሲዲ ይመስላል፤ የማይፈለግ ሐሳብ እየተመላለሰ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያሠራ የአእምሮ ሕመም ነው። እኔም ታምሜበታለሁ። የእኔ በር መቆለፍ ነበር፤ ሐረር ጁገል ስኖር የግንቡ መውጫ ሸዋ በር ከደረስኩ በኋላ ወደ ቤቴ ተመልሼ ቁልፉን እነካካ ነበር።

እንደኔው የሚታመም ጓደኛ አገኘሁ። «ቆልፌው ይሆን?» ብዬ ስደውልለት «ቆልፈኸዋል» አይለኝም። «ጭንቀትህ ከ10 ስንት ነው? እዚያው ቁም፣ አትመለስ» ይለኛል። ጭካኔ መስሎኝ ነበር፤ እንደ እሱ የጠቀመኝ ሰው ግን የለም። ማረጋገጫ በሰጡን ቁጥር ሕመሙ ሌላ ይጠይቃል። እህትሽም «መጨነቅሽ ይገባኛል፣ መልሱን ግን አልነግርሽም» ትበልሽ።

ሕክምናውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ከባለሙያ ጋር ተማክረሽ፣ ለምሳሌ ከባጃጅ መልስ ብር ተቀብለሽ ሳትታጠቢ መቆየት፣ ጊዜውንም ቀስ በቀስ ማርዘም። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኃኒት ከታዘዘልሽ ለውጡ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላልና ተስፋ አትቁረጪ። ጸበል ብትሄጂ፣ ዱዓ ብታስደርጊ መልካም፤ ክኒኑን ግን በራስሽ አታቋርጪ። ድል ጮራ ሆስፒታል ሄደሽ የአእምሮ ሐኪም ጠይቂ፤ እህትሽንም ይዘሻት ግቢ፣ እሷም መስማት አለባት።